ትእዛዙን ቀድሞ መጻፍ፦ የ«ድራጎን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» የውጊያ ስልት ሲመዘን

አሊስተር በዚያ ውጊያ የወደቀው ጠላት በርትቶበት ሳይሆን እኔ በጻፍኩት ትእዛዝ የተነሣ ነበር። ጋሻውን ይዞ በጠባቡ መተላለፊያ ዳርክስፖውን የሚባሉ ሦስት ጭራቆችን ብቻውን ሲመክት፣ የቡድናችን ፈዋሽ ዊን ጥቂት እርምጃ ከኋላው ቆማ፣ የፈውስ ድግምቷን ሳትነካ፣ ከሦስቱ አንዱን በበትሯ ተረጋግታ ትመታ ነበር። የአሊስተር ጤና ግማሽ ደረሰ፣ ሩብ ደረሰ፣ አለቀ፤ እርሷ ግን ዞር ብላም አላየችው። (በዕድሜዋ አንቱ መባል የሚገባት ሴት ናት፤ ነገር ግን እንደ ወታደር እያዘዙ አንቱ ማለት አስቸግሮኝ ነው።) ጨዋታውን አቁሜ የዊንን የታክቲክ ሰንጠረዥ፣ ማለትም አጋር በራሱ ሲዋጋ የሚከተለውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ ስከፍት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ታየኝ። በመጀመሪያው መስመር «ጠላት፦ ቅርብ ያለው፣ አጥቂ»፣ በሁለተኛው ደግሞ «አጋር፦ ጤናው ከ50 በመቶ በታች፣ ፈውሺ» የሚል ትእዛዝ አስፍሬ ነበር። ጨዋታው ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ሁኔታው የተሟላለትን የመጀመሪያ መስመር ስለሚፈጽም፣ በአካባቢው አንድ ጠላት በሕይወት እስካለ ድረስ ሁለተኛው መስመር ተራ አይደርሰውም። የሁለቱን መስመሮች ቦታ አቀያይሬ ውጊያውን እንደገና ጀመርኩት፤ አሊስተርም እስከ መጨረሻው ሳይወድቅ ቆመ።

«ድራጎን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» በካናዳ ኤድመንተን የሚገኘው ባዮዌር የሠራው፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ለኮምፒውተርና ለኮንሶል ያወጣው ጨዋታ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ላወጡት «ባልደርስ ጌት» የመንፈስ ወራሽ ብለው ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ከዚያኛው የወረሰው ዋና ነገርም ውጊያው ሳይቋረጥ እየሄደ ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ የስፔስ ቁልፍን ተጭኖ ቀጥ የሚያደርግበት አሠራር ነው። ፌሬልደን የምትባል አገር፣ ከምድር ሥር የሚፈልቅ የዳርክስፖውን ሠራዊት፣ ይህን ሠራዊት ለመመከት የተቋቋሙ ግሬይ ዋርደን የሚባሉ ተዋጊዎች፣ አንዱም ለአንዱ የማይታመን መኳንንት፤ ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ስለ ታሪኩና ስለ ገጸ ባሕርያቱ ከበቂ በላይ ተጽፏል፤ እኔ እዚህ የምመዝነው ውጊያውን፣ ከውጊያውም በተለይ ይህን የትእዛዝ ሰንጠረዥ ነው።

ቡድኑ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጨምሮ ከአራት ሰው አይበልጥም። እያንዳንዱ ተዋጊ፣ ሜጅ (ድግምተኛ) ወይም ሮግ (በስውርና በቅልጥፍና የሚዋጋ) ነው። አራቱንም በተራ በእጅ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ አንዱን ሲይዝ ቀሪዎቹ ሦስቱ የሚመሩት በሰንጠረዣቸው ነው። ሰንጠረዡ ሁለት ወገን አለው፤ በአንደኛው ሁኔታ፣ በሌላኛው እርምጃ ይመረጣል። ሁኔታው ስለ ራስ (ጤናዬ ከዚህ በታች ሲሆን፣ ማናዬ፣ ማለትም የድግምት ኃይሌ፣ ሲያልቅ)፣ ስለ አጋር ወይም ስለ ጠላት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጠላት ሲሆን ደግሞ ቅርብ ያለው፣ ጤናው ያነሰው፣ በአንድ ቦታ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆኖ የተሰበሰበው፣ ማዕረጉ ከተራው ከፍ ያለው እያለ ይዘረዘራል። እርምጃውም ተራ ጥቃት፣ የተለየ ችሎታ፣ ድግምት ወይም መድኃኒት መጠጣት ነው። ከዚህ ጋር ለእያንዳንዱ ሰው ጠባይ ይመረጥለታል፤ ጠበኛ የተባለው ጠላት ባየበት ይሮጣል፣ ጥንቁቁ ርቀቱን ይጠብቃል፣ ዝም ያለው ካልታዘዘ አይነቃነቅም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ሲነበብ አሰልቺ የቢሮ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን የጨዋታው ትልቁ ደስታ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሰንጠረዥ የሚጻፈው ከውጊያው በፊት «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብሎ ራስን በመጠየቅ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ሰይፍ ሳይመዘዝ ውጊያውን አንድ ጊዜ በሐሳቡ ተዋግቶት ይገባል። የኔ ልማድ ከከፋው ጀምሮ ወደ ቀለለው መውረድ ነው። ለአሊስተር የመጀመሪያው መስመር ጤናው ከሩብ በታች ሲወርድ መድኃኒት እንዲጠጣ የሚያዝ ነው፤ ሁለተኛው በጠላት ሲከበብ በፉከራ ሁሉንም ወደ ራሱ የሚጠራበት ታውንት የተባለው ችሎታ ነው፤ ሦስተኛው በጋሻ መትቶ መጣል፤ የመጨረሻው፣ ማለትም ሌላ የሚሠራ ሲያጣ የሚመለስበት፣ ተራው የሰይፍ ጥቃት ነው። ተራውን ጥቃት ከላይ ማድረግ የጀማሪ ስሕተት መሆኑን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይደግመውም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ጊዜ ሌሊቱ ስለመሸ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ።

መድኃኒትን በተመለከተ ሰንጠረዡ አንድ ብልህ ምርጫ ያቀርባል፤ «ደካማውን መድኃኒት» ወይም «ብርቱውን መድኃኒት» ብሎ መለየት ይቻላል። ጤናው ግማሽ ላይ ላለ ሰው ደካማውን፣ ሞት አፋፍ ላይ ለደረሰ ብርቱውን ማዘዝ ከረጢቱ ቶሎ እንዳይራቆት ይጠቅማል። ማዕረግን የሚለየው ሁኔታም እንዲሁ ነው። ሜጇ ሞሪጋን ብርቱ ድግምቶቿን በተራ አጽም ላይ አፍስሳ አለቃው ሲመጣ ባዶ እጇን እንዳትቆም፣ ክራሺንግ ፕሪዝን የተባለውን ድግምት ከፍ ያለ ማዕረግ ላለው ጠላት ብቻ እንድትጠቀምበት አዝዣት ነበር፤ ይህች አንዲት መስመር ስንት ውጊያ እንዳዳነችልኝ አልቆጠርኩም።

ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሣል። የመስመሮቹ ቁጥር ውስን ነው። ሰው በሌቭል ሲያድግ ጥቂት ይጨመርለታል፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ግን ኮምባት ታክቲክስ በሚባለው ክህሎት ላይ ነጥብ ማውጣት አለበት። ተዋጊና ሜጅ የክህሎት ነጥብ የሚያገኙት በየሦስት ሌቭል፣ ሮግ ደግሞ በየሁለት ሌቭል ስለሆነ፣ አንድን ነጥብ በዚህ ላይ ማዋል መድኃኒት መቀመምን፣ መርዝ መሥራትን ወይም ወጥመድ ማጥመድን መተው ማለት ነው። አጋሬን በወጉ ለማዘዝ የምከፍለው ዋጋ ገጸ ባሕርዩ ከሚማረው እውቀት ላይ መቆረጡ ፍትሐዊ ሆኖ አልታየኝም። ሰንጠረዡ የተጫዋቹ መሣሪያ ነው፤ የመሣሪያው ስፋት በአጋሩ ትምህርት መለካት አልነበረበትም። በተለይ ገና በጀማሪነት፣ ሰንጠረዡ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ይዞ መጀመር ብዙዎችን ከሥርዓቱ ያርቃል ብዬ እገምታለሁ።

ጠላት ማንን እንደሚመታ የሚወሰነው በዘፈቀደ አይደለም። ከባድ ጥሩር የለበሰ፣ ቀድሞ የቀረበ፣ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ሰው የጠላትን ዓይን ይስባል። ስለዚህ ከባድ ጥሩር የለበሰው ሰው ቀድሞ ገብቶ፣ ፎክሮ፣ ጠላት ሁሉ በእርሱ ላይ እስኪሰፍር ሌሎቹ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ አለባቸው። ትዕግሥት ያጣው ሜጅ የመጀመሪያውን የእሳት ኳስ ሲለቅ፣ ጋሻ ያዡን ትተው የሚሮጡት ወደ እርሱ ነው፤ የሜጅ ልብስ ደግሞ ነጠላ እንደማለት ነው፤ ሰይፍ አያስቆምም። ሮጉ በበኩሉ ከጠላት ጀርባ ሲገባ ምቱ ሁሉ ከባድ ምት ስለሚሆን ቦታው ከኋላ ነው፤ ጠላት የዞረበት እንደሆነም የሞተ መስሎ ወድቆ ትኩረቱን የሚያስጥልበት ችሎታ አለው። ተጫዋቾች አዘውትረው የሚጠቀሙበት አንድ ተንኮልም አለ፤ ጠላቶች ጋሻ ያዡን ከበው ሲቀጠቅጡት፣ ሜጁ ፎርስ ፊልድ የተባለውን ድግምት በራሱ አጋር ላይ ይጥላል። የተጣለበት ሰው መንቀሳቀስ አይችልም፣ ጉዳትም አይነካውም፤ ጠላቶቹ ግን እንደ ዓለት የጠነከረውን ሰው ሲወቅጡ ሌሎቹ ከኋላቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ብልሃት በመመሪያ ሳይጻፍ በልምድ የሚገኝ ነው፤ ጨዋታውን ያስወደደኝም ይኸው ነው።

የድግምቶቹ መደራረብ ሌላው ሀብቱ ነው። የቀዘቀዘን ጠላት በድንጋይ ጡጫ ሲመቱት ይሰባበራል። ያንቀላፋን ጠላት ሆረር በተባለው ድግምት ሲነኩት ቅዠት ሆኖበት ብርቱ ጉዳት ይደርስበታል። ክራሺንግ ፕሪዝንና ፎርስ ፊልድ በአንድ ጠላት ላይ ሲገናኙ ዙሪያውን ሁሉ የሚያናጋ ፍንዳታ ይነሣል። በመሬት ላይ የፈሰሰ ቅባት በእሳት ሲነካ ይቀጣጠላል። ጨዋታው ይህን ሁሉ አስቀድሞ አይነግርም፤ ተጫዋቹ ሞክሮ ሲያገኘው ብቻ ይመዘግብለታል።

በዚህ የቅባትና የእሳት ዘዴ አንድ ጊዜ የገጠመኝን ላውጋ፤ የሰንጠረዡ ጥንካሬም ድክመቱም በአንድ ላይ የታየኝ በዚያ ነውና። ዋናው ገጸ ባሕርዬ ሜጅ ነበር። ጠላቶች በአንድ በር ብቻ ሊመጡብን እንደሚችሉ አይቼ በሩ ላይ ቅባት አፈሰስኩ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ሲወድቅ ጠብቄ እሳት ለቀቅሁበት። ደፉ በሙሉ ነደደ። በዚህ መሐል ስቴን፣ ያ ግዙፍ ዝምተኛ ተዋጊ፣ «ቅርብ ያለውን ጠላት አጥቃ» በሚለው መስመሩ መሠረት ታላቅ ሰይፉን ትከሻው ላይ አድርጎ በቀጥታ ወደ እሳቱ ገባ። ልመልሰው ጨዋታውን ከማቆሜ በፊት ሞሪጋን ደግሞ «ጠላት፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሰበሰብ» የሚለው ሁኔታዋ ተሟልቶላት የበረዶ ማዕበል ጠራች። የበረዶ ማዕበል የሚነድ እሳትን ያጠፋል። ስቴን ግማሽ ጤናውን በእሳቱ ከስሮ፣ በጠፋው እሳት ላይ ከቆሙ፣ ከተቆጡ አምስት ጠላቶች መካከል፣ በበረዶ ደንዝዞ ቀረ። ሦስቱም ትእዛዞች ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ። አንዱ ከሌላው ጋር መነጋገር እንደማይችል የረሳሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የሰንጠረዡ ጉድለት የት እንዳለ የገባኝ። ሰንጠረዡ «ማንን»፣ «መቼ» እና «በምን» የሚሉትን በሚገባ ይመልሳል፤ «የት» የሚለውን ግን ፈጽሞ አያውቅም። በሩ ላይ ቁም፣ ከእሳቱ ራቅ፣ ከደረጃው አትውረድ፣ ከሐኪሟ አጠገብ አትለይ የሚባል መስመር የለውም። ቡድኑ ባለበት እንዲቆም ማዘዣ ቁልፍ አለ፤ እርሱ ግን ለሁሉም በአንድ ላይ የሚሠራ ሻካራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ቦታ የሚያዘው በስፔስ ቁልፉና በማውሱ፣ ማለትም በተጫዋቹ እጅ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ግድፈት ቆጥሬው ነበር፤ ደግሜ ስጫወተው ግን ሠሪዎቹ አውቀውም ይሁን ሳያውቁ መልካም ክፍፍል እንዳደረጉ ታየኝ። የዘወትሩን ሥራ ሰንጠረዡ ይሸከመዋል፤ ለተጫዋቹ የሚቀረው የጦር አዛዥ ሥራ፣ መሬቱን መምረጥ፣ ነው።

መሬት መምረጥ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት በሬድክሊፍ መንደር የሚደረገው የሌሊት ውጊያ ይበቃል። ሙታን ከኮረብታው ቤተ መንግሥት እየወረዱ መንደሩን በየሌሊቱ ይወርራሉ፤ ተጫዋቹ ከመምሸቱ በፊት መንደርተኛውን የማደራጀት ጊዜ ይሰጠዋል። ባለቤቱ ትቶት በሄደ ሱቅ ውስጥ የተከማቸ የዘይት በርሜል ፈልጎ ያገኘ ሰው፣ መንደሩን የሚጠብቁት ባለ ጥሩር ወታደሮች በመንገዱ ላይ እሳት እንዲለኩሱ ማድረግ ይችላል። ሙታኑ እሳቱን አቋርጠው ሲደርሱ ግማሽ ጤናቸው ተቃጥሏል፤ የቀሩትን በጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ጋሻ ያዡ ይቀበላቸዋል። አጋሮቹን ሁሉ ከእሳቱ ወዲህ ማስቀመጥ እንጂ ወደ እሳቱ እንዲሮጡ አለመፍቀድ ነው ጥበቡ። ሰንጠረዡን ብቻ አምኖ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ተጫዋች ግን አጋሮቹ ራሳቸው የለኮሱት እሳት ውስጥ ሲንጨረጨሩ ያያል።

ኦገር የተባለው ግዙፍ ጭራቅ ሌላ ትምህርት ነው። ሰው በእጁ አንሥቶ ይጨምቃል፤ የተያዘው ሰው ራሱን መርዳት ስለማይችል የሚያድነው ኦገሩን ደንዝዞ ወይም ቀዝቅዞ እንዲለቅ የሚያደርግ ሌላ ሰው ነው። ለዚህ አንድ የማቀዝቀዣ ድግምት ሳይነካ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በተራራው አናት ላይ ያለው ከፍተኛው ድራጎን ደግሞ እሳት በፊቱ ይተፋል፣ በጅራቱ ይጠርጋል፣ ቅርብ የቆመውን ይነክሳል፤ ስለዚህ አራቱን በአንድ ቦታ ማከማቸት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ጋሻ ያዡን ከጎኑ፣ ቀስተኛዋን ሌሊያናን በአንድ ማዕዘን፣ ሜጁን በሌላው፣ ፈዋሿን ሁሉንም ለመድረስ በምትችልበት መካከለኛ ርቀት አቁሜ፣ ሁሉንም እሳት የሚከላከል ቅባት ቀብቼ ነው የገባሁት። ውጊያው ረጅም ነበር፤ በመካከሉ የስፔስ ቁልፌን ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ እንጃ፤ ሆኖም ማንም አልወደቀም። የወደቀ ሰው ውጊያው በድል ሲያልቅ ይነሣል፤ ግን እስኪታከም ድረስ አቅሙን የሚቀንስ ጉዳት ይዞ ይዞራል። ቅጣቱ ልኩን የጠበቀ ነው፤ ጨዋታውን አያቋርጥም፣ ግድየለሽነትንም በነጻ አያልፍም።

ድክመቶቹን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባም። ሜጆች ከሌሎቹ ሁለት ወገኖች እጅግ በርትተዋል። ሦስት ሜጅ በአንድ ቡድን ያሰለፈ ሰው ጠላትን አቀዝቅዞ፣ አስተኝቶ፣ አስሮ ስለሚጨርስ ጋሻ ያዡ የሚመክተው ያጣል፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ጥበብም ትርፍ ይሆናል። የጤና መድኃኒትም ኤልፍሩት ከተባለው ቅጠልና ከብልቃጥ በቀላሉ ስለሚቀመም፣ ከረጢቱን የሞላ ሰው ክፉ ሰንጠረዡን በመድኃኒት ይሸፍናል። ዲፕ ሮድስ በተባለው የምድር ሥር ጎዳና የሚደረጉት ውጊያዎች ደግሞ ብዛታቸው ከልዩነታቸው ይበልጣል፤ ተመሳሳይ ዳርክስፖውኖች በተመሳሳይ መተላለፊያ ሲመጡ ሰንጠረዡ ለብቻው ያሸንፋል፤ ተጫዋቹም ሻይ ያፈላል።

በኋላ የመጡትን የዚሁ ተከታታይ ጨዋታዎች ያየ ሰው ይህ ሥርዓት ወዴት እንደሄደ ይጠይቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኢንኩዊዚሽን» ሰንጠረዡን አሳጥሮ ጥቂት ምርጫ ብቻ አስቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ቬይልጋርድ» ደግሞ ቡድኑን ወደ ሦስት ሰው አውርዶ፣ ተጫዋቹ አጋሮቹን ተክቶ መጫወትን ጨርሶ ከለከለ። እነዚያ በራሳቸው የሚወደዱበት ምክንያት አላቸው፤ ትእዛዝ መጻፍ የሚወድ ሰው ግን የሚመለሰው ወደ መጀመሪያው ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ምክሬ የኮምፒውተሩን ቅጂ እንዲመርጥ ነው። በኮምፒውተር ላይ ካሜራውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ሜዳውን እንደ ገበጣ ከላይ ማየት ይቻላል፤ የኮንሶሎቹ ቅጂ ይህ ስለሌለው፣ ቦታ መያዝ ሁሉ ነገር በሆነበት ጨዋታ ግማሽ ዓይንን ሸፍኖ እንደ መዋጋት ነው። «አልቲሜት ኤዲሽን» የተባለው ቅጂ «አወከኒንግ» የተሰኘውን ማስፋፊያና ተጨማሪዎቹን አጠቃሎ ይዟል። ጨዋታው የ2009 ስለሆነ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም፤ የኔ ያረጀ ላፕቶፕ ያለ ችግር ተሸክሞታል። ለብቻ የሚጫወቱት ስለሆነም ኢንተርኔት ሲዳከም ውጊያው አይደናቀፍም። መብራት ድንገት በሚሄድበት ሰፈር የሚኖር ሰው ግን፣ በተለይ የላፕቶፑ ባትሪ እንደኔው ካረጀ፣ ከእያንዳንዱ በር በፊት ኤፍ 5ን ተጭኖ ማስቀመጥን ይልመድ።

የክብደት ደረጃን በተመለከተ፣ ጀማሪ ቢሆንም እንኳ ከመካከለኛው እንዲጀምር እመክራለሁ። በቀላሉ ደረጃ የራስ እሳት የራስን ሰው አያቃጥልም፤ እዚያ የጀመረ ሰው ስቴን በነበልባል መሐል ሲመላለስ ምንም ሳይሆን ስለሚያየው፣ ሰውን የት ማቆም እንዳለበት ሳይማር ግማሹን ታሪክ ይጨርሳል፤ ደረጃውን ከፍ ባደረገ ዕለትም የመጀመሪያው የእሳት ኳሱ የሚጥለው የገዛ ቡድኑን ነው።